ቅዱስ ቄርሎስ ዘኢየሩሳሌም፦ በባዶው መቃብር አጠገብ ትንሣኤ ሙታንን ያስተማረ አባት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከሩቅም ከቅርብም ቅድስት ሀገርን ለመሳለም የመጣችሁ ምእመናን ሆይ፣ በዴር ሡልጣን ገዳማችን አደባባይ ስትቆሙ በመካከል ከወለሉ ከፍ ብሎ የወጣ ጉልላት ታያላችሁ። ይህ ጉልላት ከእግራችን ሥር ላለው ለንግሥት እሌኒ ጸሎት ቤት ብርሃን የሚያስገባ ነው። ዛሬ የመነኮሳቱ ጎጆዎች ተጠጋግተው የሚታዩበት ይህ ሥፍራ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዓምዶች ረድፍ አምስት ቦታ የተከፈለ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን የቆመበት ነበር። ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ ያሠራው ያ ቤተ ክርስቲያን በግሪክ ቋንቋ ማርቲርዮን ይባል ነበር፤ ምስክርነት ማለት ነው። ከእርሱ በስተ ምዕራብ ሰማይ የሚታይበት አደባባይና የጎልጎታ ዐለት ነበሩ፤ ከዚያም አልፎ የጌታችን መቃብር ያለበት ክብ ቤተ ክርስቲያን፣ አናስታሲስ የተባለው፣ ትርጓሜውም ትንሣኤ የሆነው፣ ይገኝ ነበር።

በእነዚህ ሁለት ቤቶች ቆሞ የሙታንን ትንሣኤ ያስተማረው አባት ቅዱስ ቄርሎስ ዘኢየሩሳሌም ነው። ብዙዎቻችን ቄርሎስ የሚለውን ስም ስንሰማ ቶሎ የምናስበው ንስጥሮስን የተቃወመውን የእስክንድርያውን ሊቀ ጳጳሳት ነው። ይህኛው ከእርሱ ይቀድማል፤ የእስክንድርያው ቄርሎስ ሕፃን ሳለ የኢየሩሳሌሙ ቄርሎስ ሽማግሌ ነበር። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ወሮቹና ቀኖቹ ግን እንደ ቤተ ክርስቲያናችን ባሕረ ሐሳብ መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ቅዱስ ቄርሎስ የተወለደው በ315 ገደማ ነው፤ ያደገውም በኢየሩሳሌም ወይም በአቅራቢያዋ እንደ ሆነ ይታመናል። በዚያን ጊዜ ከተማዋ ስሟ እንኳ ኢየሩሳሌም መባሉ ቀርቶ ነበር። የሮሙ ንጉሠ ነገሥት ሐድርያኖስ በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኤልያ ብሎ ሰይሟት፣ በጌታችን መቃብር ላይም አፈር ተደልድሎበት የጣዖት ቤት ተሠርቶበት ነበር። ቄርሎስ የዐሥር ዓመት ልጅ ገደማ በነበረበት ወራት በንጉሡ በቆስጠንጢኖስ ትእዛዝ፣ በኤጲስ ቆጶሱ በአቡነ መቃርዮስ ተቆጣጣሪነት፣ የጣዖቱ ቤት ፈረሰ፤ አፈሩም ተጠርጎ ከዐለት የተፈለፈለው መቃብር ተገለጠ። ቤተ ክርስቲያኑ ተሠርቶ በ335 በመስከረም ወር ሲከበር ቄርሎስ የሃያ ዓመት ወጣት ነበር። ቅዳሴ ቤቱን እኛም መስከረም 16 ቀን በስንክሳራችን እናስበዋለን። ኋላ መምህር በሆነ ጊዜ በትምህርቱ መካከል፣ ቦታው በንጉሥ ስጦታ ከማጌጡ አስቀድሞ የአትክልት ሥፍራ እንደ ነበረና ምልክቱም ገና እንዳልጠፋ፣ በመቃብሩ በር ፊት የነበረውም የውጭ ዋሻ ለሕንፃው ጌጥ ሲባል እንደ ተጠረበ ይጠቅሳል። እንዲህ ያለውን የሚናገር ሰው ሥፍራውን ከመጽሐፍ ብቻ ያወቀው አይመስልም።

የቅስናን መዓርግ የሰጠው የመቃርዮስ ተከታይ አቡነ መክሲሞስ ነው። መክሲሞስ በስደቱ ዘመን ስለ ክርስቶስ ስም አንድ ዓይኑን ያጣ አባት ነበር። ስለ ሥጋ ትንሣኤ ወደፊት የሚያስተምረው ቄርሎስ ክህነትን የተቀበለው እንዲህ ባለ፣ ስለ ሃይማኖት በጎደለ አካል ፊት ተንበርክኮ ነው። በ350 ገደማ መክሲሞስን ተክቶ በኢየሩሳሌም መንበር ተቀመጠ።

ስሙን እስከ ዛሬ ያስጠራው ሥራ የተሠራው በዚያው ወራት ነው። በዐቢይ ጾም ለትንሣኤ ሌሊት ጥምቀት የሚዘጋጁ ንዑሰ ክርስቲያን በማርቲርዮን ይሰበሰቡ ነበር፤ እርሱም ትምህርተ ሃይማኖትን ከመሠረቱ እስከ ጉልላቱ ያስተምራቸው ነበር። አንድ መግቢያና ዐሥራ ስምንት ትምህርቶች እስከ ዘመናችን ደርሰዋል። ሰሚዎቹ ጸሎተ ሃይማኖትን በብራና እንዳይጽፉ፣ በልባቸው ጽላት እንዲቀርጹት ያዛቸው ነበር። የኢየሩሳሌም ቤተ ክርስቲያን በዚያን ጊዜ የምታስጠናው ጸሎተ ሃይማኖት በሥጋ ትንሣኤና በዘለዓለም ሕይወት የሚፈጸም ነበር። በኒቅያ በ325 የተደነገገው ጸሎተ ሃይማኖት ግን በመንፈስ ቅዱስ ማመንን ተናግሮ ያበቃ ስለ ነበር ስለ ሙታን መነሣት የሚናገረው አንቀጽ በውስጡ አልነበረም። ይህን ልዩነት ያዙልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የእነዚያ ተጠማቂዎች ነገር ለእኛ ለተሳላሚዎች ልብ የሚነካ ነው። ጎልጎታን በዓይናቸው እያዩ፣ ከመቃብሩ የተንከባለለውን ድንጋይ በአጠገባቸው እያገኙ ይማሩ ነበር። እንዲህ ላለ ሰው ስለ ትንሣኤ ብዙ መናገር የማያስፈልግ ሊመስል ይችላል። ቅዱስ ቄርሎስ ግን እንዲያ አላሰበም። በዚያችው ከተማና በዙሪያዋ የሙታንን መነሣት ተረት ነው የሚሉ አረማውያን ነበሩ፤ ከሙሴ መጻሕፍት በቀር የማይቀበሉ ሳምራውያን ነበሩ፤ ሥጋን የክፉ አምላክ ሥራ አድርገው የሚጸየፉ የማኒ ተከታዮችም ነበሩ። ሰው በመቃብሩ ጎረቤት ተወልዶ፣ በመቃብሩ ጎረቤት ገበያ ወጥቶ፣ ሳያምን ሊሞት እንደሚችል በየቀኑ ያይ ነበር። ስለዚህ ድንጋዩን፣ በፍታውን፣ ሴቶቹን፣ ዐሥራ ሁለቱን ሐዋርያት፣ ጠባቂዎቹን ወታደሮች ሳይቀር እንደ ምስክር በየተራ ካቆመ በኋላ፣ ወደ እያንዳንዱ ሰሚ ዞሮ ስለ ራሱ ሥጋ ይጠይቀው ነበር።

የትምህርቱ ዋና ነገር ይህ ነው። የክርስቶስ ትንሣኤና የእኛ ትንሣኤ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሆነው አንዱን አምኖ ሌላውን መተው አይቻልም። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በላከው መልእክት ሙታን የማይነሡ ከሆነ ክርስቶስም አልተነሣም ብሎ ያሠረውን ቋጠሮ ቅዱስ ቄርሎስ በመቃብሩ ፊት አጠበቀው። ብዙ ክርስቲያን ፋሲካን በደስታ ያከብራል፤ የራሱ አጥንት ከአፈር እንደሚጠራ ግን ከልቡ ሆኖ አስቦት አያውቅም። የኢየሩሳሌሙ ሊቅ እንዲህ ያለውን ሰው ነበር የሚፈልገው።

በዐሥራ ስምንተኛውና በመጨረሻው ትምህርቱ፣ ጾሙና የሌሊቱ ትጋት ሰሚዎቹን ባደከማቸው ሰዓት፣ የበጎ ሥራ ሁሉ ሥር የትንሣኤ ተስፋ መሆኑን አስቀድሞ አስረዳ። ዋጋ እንደሚቀበል የሚያውቅ ሠራተኛ በድካሙ ይጸናል፤ ደመወዝ የሌለው ድካም ግን ሥጋንም ልብንም ያዝላል። ሥጋው እንደሚነሣ የሚያምን ሰውም ሥጋውን እንደ ልብሱ ይጠነቀቅለታል፤ ልብሱን በዝሙትና በርኩሰት አያሳድፍም። ትንሣኤ የለም የሚል ግን የእርሱ እንዳልሆነ የውሰት ልብስ ሥጋውን ይጥለዋል። ይህን የልብስ ምሳሌ በልባችሁ ያዙት፤ በሕይወቱ ታሪክ ውስጥ እንደ ገና የምናገኘው ነውና።

ከዚያም የተቃዋሚዎቹን ጥያቄ ሳያለዝብ አቀረበ። በባሕር የሰጠመውን ሰው ዓሣ ይበላዋል፤ ዓሣውን ሌላ ዓሣ ይበላዋል። በምድረ በዳ የቀረውን አሞራ ይበላዋል፤ አሞራውም በርሮ አንዱ በህንድ፣ አንዱ በፋርስ፣ አንዱ በጎቶች ሀገር ይሞታል። ሥጋ በእሳት ተቃጥሎ አመዱ በነፋስ ይበተናል። ታዲያ ይህ ሁሉ ከየት ተሰብስቦ አንድ ሰው ይሆናል? የቅዱስ ቄርሎስ መልስ እጅን ከመዘርጋት የሚከብድ አይደለም። ለሰው ህንድ ከጎቶች ሀገር ትርቃለች፤ ዓለምን በእጁ ለያዘው አምላክ ግን ሁሉም በመዳፉ ውስጥ ነው። ልዩ ልዩ ዘሮች ተደባልቀው በእጅህ ቢሰጡህ አንዱን ከሌላው ትለያለህ፤ አንተ በመዳፍህ ያለውን ከለየህ እግዚአብሔር በመዳፉ ያለውን መለየት ያቅተዋልን ብሎ ይጠይቃል።

ይህ ጥያቄ ለእኛ የመጽሐፍ ክርክር ብቻ አይደለም። ይህን ጽሑፍ ከምታነቡት መካከል በሱዳን በረሃ፣ በሲና አሸዋ፣ ወይም በባሕር ላይ የዘመዱን አስከሬን ትቶ ያለፈ ሰው አለ። መቃብሩ የት እንደሆነ የማያውቅ፣ ሄዶ አፈር ያላለበሰ፣ ለተዝካሩ ቀን የሚቆጥርበት ያጣ አለ። ቅዱስ ቄርሎስ ስለ እንደነዚህ ያሉ ሙታን ነው የተናገረው፤ በክብር ስለ ተቀበሩት ብቻ ቢናገር ኖሮ ትምህርቱ በግማሽ በቀረ ነበር።

ምሳሌዎቹን ከመስክና ከሰማይ ይሰበስብ ነበር። የስንዴ ቅንጣት በምድር ወድቃ በስብሳ ለምልማ ትወጣለች፤ የተቆረጠ ወይን ያቆጠቁጣል፤ በክረምት እንደ በድን የተኙ ትናንሽ እንስሳት በጸደይ ይነቃሉ፤ ጨረቃ እስክትጠፋ ጎድላ ዳግመኛ ትሞላለች። ያን ጊዜ ብዙዎች እንደ እውነት የሚቀበሉትን የፊኒክስን ወፍ ታሪክም ይጨምራል፤ ወፊቱ ከሞተች በኋላ ከበሰበሰው ሥጋዋ ሌላ ወፍ ትወጣለች ይባል ነበር። እኛ ወፊቱን ትተን የስንዴዋን ቅንጣት ብንይዝ ከትምህርቱ የሚጎድልብን የለም። ከሁሉ ይልቅ ኃይል ያለው ግን ቀላሉ ነገር ነው፤ ከመቶ ወይም ከሁለት መቶ ዓመት በፊት እኛ የምንናገረውና የምንሰማው ሁሉ የት ነበርን? ከምንም ያስገኘን፣ የነበረውን መልሶ ማስነሣት እንዴት ይሳነዋል?

የፍርድንም ነገር አነሣ። ሃምሳ ሰው የገደለ ወንበዴ አንድ ጊዜ አንገቱ ይቆረጣል፤ የአንዱን ዕዳ ከፈለ እንበል፤ የአርባ ዘጠኙን የት ይከፍላል? ስንቱስ ገዳይ በአልጋው ላይ በሰላም ሞቷል? ከሞት በኋላ መነሣትና ፍርድ ከሌለ እግዚአብሔር ጻድቅ ነው ማለት እንዴት ይቻላል? አረማውያኑንም በገዛ ሥራቸው ያዛቸው፤ የሞተ ሥጋ ከንቱ ከሆነ መቃብር የሚቆፍረውን ሌባ ስለ ምን ትቀጣላችሁ አላቸው። ለሳምራውያን ደግሞ እነርሱ ከሚቀበሉት ከኦሪት ብቻ እየጠቀሰ ይመልስላቸው ነበር፤ የደረቀችው የአሮን በትር አብባ ለውዝ ካፈራች የሞተ ሰው መነሣቱ ስለ ምን ይከብዳል? በማያምኑበት መጽሐፍ አላስጨነቃቸውም፤ ይህ የመምህርነቱ ትዕግሥት የሚታይበት ነው።

በትንሣኤ ሌሊት ተጠማቂዎቹ ወደ ማጥመቂያው ይገቡ ነበር። በስሙ የተጠሩት ከጥምቀት በኋላ የተሰጡ አምስት ትምህርቶች ሥርዓቱን ይገልጡታል። ተጠማቂዎቹ ወደ ምዕራብ ዞረው ሰይጣንን ይክዳሉ፤ ወደ ምሥራቅ ዞረው ሃይማኖታቸውን ይመሰክራሉ፤ ልብሳቸውን አውልቀው ዘይት ይቀባሉ፤ ሦስት ጊዜ በውኃው ይጠልቃሉ፤ ይህም የጌታችን የሦስት ቀን መቃብር ምሳሌ ነው። ውኃው በአንድ ሰዓት መቃብርም እናትም ሆናቸው። በመጽሐፈ ክርስትናችን ካህኑ የሚያስፈጽመውን የሚያስታውስ ሰው ይህን ሲያነብ እንግዳ ሥርዓት አያገኝም። በእነዚሁ ትምህርቶች በቅዳሴ ጊዜ ስላረፉት የሚደረገው ጸሎት ለነፍሳቸው ታላቅ ረድኤት መሆኑም ተጽፎ ይገኛል።

በ351 በግንቦት ወር በ12ኛው ቀን፣ ከጧቱ በሦስት ሰዓት ገደማ፣ ከጎልጎታ በላይ ታላቅ የብርሃን መስቀል በሰማይ ታየ፤ ርዝመቱም እስከ ደብረ ዘይት ይደርስ ነበር። ሽማግሌውም ሕፃኑም፣ ክርስቲያኑም አረማዊውም፣ የሀገሩ ሰውም እንግዳውም በአንድነት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጠ። ቅዱስ ቄርሎስ ይህን ጽፎ ለንጉሡ ለቆስጠንጢዮስ ለቆስጠንጢኖስ ልጅ ላከለት፤ ደብዳቤውም እስከ ዛሬ አለ። ይህ ንጉሥ ለሀገራችንም እንግዳ አይደለም፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አባ ሰላማ ፍሬምናጦስን ወደ አርዮሳዊው ጳጳስ ወደ ጊዮርጊስ እንዲልኩት ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለሳይዛና የጻፈው እርሱ ነው።

በዚያው ንጉሥ ዘመን ቅዱስ ቄርሎስም ከመንበሩ ተሰደደ። የቂሣርያው ሊቀ ጳጳስ አካክዮስ ራሱ የሾመው ቢሆንም ኋላ ተጣላው። ከፊሉ የሥልጣን ጠብ ነበር፤ የኒቅያ ጉባኤ ለኢየሩሳሌም ክብርን ሲሰጥ የቂሣርያንም መብት ጠብቆ ነበርና። ከፊሉም የሃይማኖት ነበር፤ አካክዮስ ወደ አርዮሳውያን ያዘነበለ ሰው ነው። ቅዱስ ቄርሎስ በትምህርቶቹ ውስጥ የኒቅያን ታላቅ ቃል፣ ወልድ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ ነው የሚለውን፣ በዚያው አነጋገር ስላልተጠቀመበት በሌላው ወገን ያሉትም ይጠራጠሩት እንደ ነበር መሸሸግ አያስፈልግም። ነገር ግን ወልድ ከዘመናት በፊት ከአብ የተወለደ እውነተኛ አምላክ መሆኑን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስተማረ፤ ስለዚህም ተሰደደ።

ለክሱ የተመረጠው ምክንያት ግን አስገራሚ ነው። በኢየሩሳሌምና በዙሪያዋ ረኃብ ሆነ፤ ድሆች ወደ ኤጲስ ቆጶሳቸው እጃቸውን ዘረጉ፤ እርሱም ገንዘብ አልነበረውም። የቤተ ክርስቲያኑን ንዋየ ቅድሳትና መጋረጃ ሸጦ መገባቸው። በአምስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበሩ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ ከተሸጡት መካከል ቆስጠንጢኖስ ለአቡነ መቃርዮስ ጥምቀትን ሲያስፈጽም እንዲለብሰው የሰጠው በወርቅ የተሠራ ልብስ ነበር። ልብሱ ከእጅ ወደ እጅ አልፎ በመድረክ የሚዘፍን ተጫዋች ለብሶት ታየ። ይህም ለአካክዮስ ምቹ ክስ ሆነለት።

ነገሩን ቀለል አድርገን ልናየው አይገባም። የንጉሥ ስጦታ የሆነ የጥምቀት ልብስ በዘፋኝ ገላ ላይ መታየቱ የሚያስደነግጣቸው ቅን ምእመናን በዚያን ጊዜም ነበሩ፤ ዛሬም ይኖራሉ። ነገር ግን ሥጋ ራሱ ለትንሣኤ የሚጠበቅ ልብስ ነው ብሎ ያስተማረ ሰው፣ በረኃብ የሚያልቁትን ሰዎች እያየ ወርቁን ልብስ በሣጥን ቢያስቀምጠው ኖሮ ተማሪዎቹ ምን ባሉት ነበር? ለእኛ እንደሚመስለን ሁለቱን ልብሶች አመዛዘነ፤ የሚነሣውን መረጠ።

በ357 ከመንበሩ ተሽሮ ወደ ጠርሴስ ሄደ። በዚያም ኤጲስ ቆጶሱ ስልዋኖስ ተቀበለው፤ ሕዝቡም ትምህርቱን ወደደ። በ359 የሴሌውቅያ ጉባኤ ወደ መንበሩ መለሰው፤ በተከታዩ ዓመት በቁስጥንጥንያ እንደ ገና ተሻረ። ቆስጠንጢዮስ ሞቶ ከሓዲው ዑልያኖስ ሲነግሥ የተሰደዱትን ሁሉ ስለ መለሰ ቄርሎስም ተመለሰ። በ363 ዑልያኖስ የአይሁድን ቤተ መቅደስ ለማሠራት ሲያስጀምር ቅዱሱ በከተማው ነበረ፤ ከመሠረቱ በወጣ እሳትና በምድር መናወጥ ሥራው ቆመ፤ ንጉሡም በዚያው ዓመት በጦርነት ሞተ። ከዚያ አርዮሳዊው ዋሌንስ ነገሠ፤ ቅዱስ ቄርሎስም በ367 ለሦስተኛ ጊዜ ተሰደደ፤ ይህ ከሁሉ የረዘመው ስደት ነው፤ ዐሥራ አንድ ዓመት ቆየበት። በጠቅላላው በመንበሩ ተሹሞ ከኖረበት ዘመን ግማሽ የሚጠጋው በስደት አለፈ። የመቃብሩ ጠባቂ መቃብሩን ሳያይ ፋሲካን ስንት ጊዜ አከበረ!

በ378 ሲመለስ ከተማው ተከፋፍሎ ቆየው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ኢየሩሳሌምን የጎበኘው ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ በቅድስት ከተማ ስላየው ክፋትና ጠብ በኀዘን ጽፏል። በ381 በቁስጥንጥንያ 150 አባቶች በተሰበሰቡ ጊዜ ግን ቅዱስ ቄርሎስ በመካከላቸው ነበረ። ከዚህ ጉባኤ ጋር የተያያዘው፣ እኛም በየቅዳሴው የምንደግመው ጸሎተ ሃይማኖት በሙታን መነሣትና በሚመጣው ዓለም ሕይወት ይፈጸማል። ቅዱስ ቄርሎስ ለንዑሰ ክርስቲያን ሲያስጠናው የነበረው የእምነት አንቀጽ በእርጅናው ዘመን የቤተ ክርስቲያን ሁሉ ቃል ሆኖ ሰማው። በ382 ዳግመኛ የተሰበሰቡት አባቶች ለምዕራብ ጳጳሳት በጻፉት ደብዳቤ ሹመቱ ሕጋዊ መሆኑንና ስለ ሃይማኖት ከአርዮሳውያን ጋር በብዙ ቦታ መጋደሉን መሰከሩለት።

በእነዚያ የመጨረሻ ዓመታት ኤገርያ የተባለች ተሳላሚ ከምዕራብ ዳርቻ መጥታ በኢየሩሳሌም ቆየች፤ ያየችውንም ለእኅቶቿ ጻፈች። እሑድ ዶሮ ሲጮህ ኤጲስ ቆጶሱ ወደ መቃብሩ ዋሻ ይገባል፤ የዕጣኑ ጢስ አናስታሲስን ይሞላዋል፤ እርሱም በዋሻው ደጃፍ ቆሞ የጌታን ሕማምና ትንሣኤ ወንጌል ያነባል፤ ሕዝቡም እጅግ ልበ ደንዳና የሆነው እንኳ ሳይቀር እያለቀሰ ይሰማዋል። በጾሙ ወራት ተጠማቂዎች በየቀኑ ለሦስት ሰዓት እንደሚማሩ፣ ስለ ትንሣኤም እንደሚማሩ ጽፋለች። ኤጲስ ቆጶሱ በግሪክ ይናገራል፤ አንድ ቄስ ወደ ሱርስት ይተረጕማል፤ ላቲን ብቻ የሚያውቀውም የሚያስረዳው ወንድም ወይም እኅት አያጣም። በቋንቋው ሳይሰማ ወደ ሀገሩ የሚመለስ አልነበረም።

ቅዱስ ቄርሎስ በ386 መጋቢት 22 ቀን ዐረፈ። ይህ ዕለት የጥንተ ሆሣዕና በዓል የሚታሰብበት ነው፤ ከሰባት ቀን በኋላ መጋቢት 29 ጥንተ ትንሣኤ ይሆናል። ያስተማረበት ማርቲርዮን በ614 በፋርስ ወረራ ተቃጠለ፤ ታድሶ ሳለ በ1009 በግብፁ ገዥ በሐኪም ትእዛዝ ፈረሰ፤ ከዚያ ወዲህ አልተሠራም። የመቃብሩ ክብ ቤተ ክርስቲያን ግን ተመልሶ ተሠራ።

ከአደባባያችን ተነሥታችሁ በአርባዕቱ እንስሳ ቤተ መቅደስ ግቡ፤ ደረጃውን ወርዳችሁ በቅዱስ ሚካኤል ቤተ መቅደስ በኩል ወደ ታችኛው አደባባይ ውጡ፤ በታላቁ በር ስትገቡ ጎልጎታ በቀኛችሁ ነው፤ ወደ ግራ ስትታጠፉ መቃብሩ ይገኛል። የቅዱስ ቄርሎስ ተጠማቂዎች በትንሣኤ ሌሊት ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው የሄዱትም ወደዚያው ነው። በመንገድ የቀሩባችሁን ሰዎች ስም በዚያ ደጃፍ በጸሎታችሁ አንሡ።

የአባታችን የቅዱስ ቄርሎስ ዘኢየሩሳሌም ጸሎቱና በረከቱ ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።